ምስጋናውን የጠረጠርሁ ሰሞን

ያ ምስጋና ያስወጣኝን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ አንድ መጋዘን ከነቁልፉ፣ አርባ ኩንታል የተለቀመ ሽምብራ፣ ደግሞም ዕድሜ ልኬን የለፋሁበት «ይማም አይሸወድም» የሚባል ስም። ወረቀቱ ራሱ በነፃ ነው የተሰጠኝ።

አሁን አሁን ነጋዴ ሁሉ ሲሸለም አያለሁ። ለወላድ ሠራተኞቹ ዕረፍት ሰጠ፣ ሕፃን ማቆያ ከፈተ ይባልና አንዱ መድረክ ላይ ወጥቶ ዋንጫ ይቀበላል። ሰው ያጨበጭባል። እኔም አጨበጭባለሁ፣ ዓይኔ ግን የመውጫውን በር ይፈልጋል። ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ድርቁ አልፎ ዝናብ በተመለሰ በሁለተኛው ዓመት፣ እኔ ቆቦ ላይ ሽምብራ እነግድ ነበር። ከዋጃና ከሮቢት ገበሬ እገዛለሁ፣ አስለቅማለሁ፣ የመንግሥትን ድርሻ አስገብቼ የተረፈኝን ወደ ደሴ እጭናለሁ። ፈቃዴ የሚለው «በአንድ ረዳት የሚሠራ ችርቻሮ ሱቅ» ነው። ከሱቁ ጀርባ ባለው መጋዘን ግን ዘጠኝ ሴቶች ሰፌድ ይዘው ሽምብራ ይለቅማሉ። ይህን የሚያውቅ ከተማው ሁሉ ነው፣ የማያውቀው ወረቀቱ ብቻ።

ከዘጠኙ ስድስቱ የሚያጠቡ ናቸው። ለነሱ ስል መጋዘኑን በጣውላ ከፍዬ ለሕፃናቱ አንድ ክፍል አበጀሁ። የምትጠብቃቸውም የአባቴ እህት፣ አክስቴ ፋጡማ ነበረች። ደግነት ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። በፊት ሴቶቹ ለማጥባት በቀን ሦስቴ ወደ ቤት ይሄዱ ነበር፤ በሄዱ ቁጥር በየመቀነቱ ውስጥ ሽምብራዬም አብሮ ይሄዳል። ልጆቹን ካስገባሁ ወዲህ ሽምብራው መውጣት አቆመ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ሐዋ የምትባለዋ ስትወልድ ደግሞ ጎረቤቴ ነጋዴ «አርባሽን ስትጨርሺ እኔ ዘንድ ነይ» ብሎ ላከባት። ሐዋን የምታውቋት ብትሆኑ እኔም ያደረግሁትን ታደርጉ ነበር። እጇ ጥሬ እንደምትለቅም ዶሮ ነው፤ የሁለት ሰው ሥራ ትሠራለች። ባሏ ለውትድርና ተወስዶ ወሬው ጠፍቷል። አርባውን ቀን ሙሉ ግማሽ ደመወዟን ከማሽላና ከቅቤ ጋር ላክሁላት። ተመለሰች። ከሷ ወዲህ የወለዱትም «ለሐዋ የተደረገ ለኛም» አሉ፣ እኔም ክርክር ስለማልወድ አደረግሁ። ልማድ ሆነ።

እንግዲህ በአንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ ጓድ አስካለ ሱቄ ገባች። ድሮ ልጆቼን ያስተማረች ሴት ናት። ከኋላዋ ከጽሕፈት ቤት የመጣ፣ ደብተር በብብቱ የያዘ ሰው ቆሟል።

«ጋሽ ይማም፣ እንኳን ደስ አለዎት» አለችኝ።

«በምን?» አልሁ። በዚያ ዘመን ባለሥልጣን እንኳን ደስ አለህ ካለህ መጀመሪያ ኪስህን ትዳስሳለህ።

ወረቀት ሰጠችኝ። ማኅተም አለው። «ለሠራተኛ እናቶች ባሳዩት እንክብካቤ ስለተመረጡ፣ እሑድ በአዳራሽ ተገኝተው ምስጋና እንዲቀበሉ» ይላል። እዚህ ድረስ ደኅና። ከሥሩ «ሲመጡ የሴት ሠራተኞችዎን ሙሉ ስም ዝርዝር እንዲያቀርቡ» ይላል። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ወረቀቱን ደግሜ አነበብሁት።

«ምስጋናው ለኔ፣ ስሙ የነሱ፤ ይኼ እንዴት ነው?»

«ይጻፉልኝ ጋሽ ይማም። ሁሉንም። አንዲት እንዳትቀር።»

«ለመሆኑ ማን ሠራተኛ አለው አለሽ?» አንቱታው ጠፋብኝ፤ ስደነግጥ ይጠፋብኛል።

ሰውዬው ደብተሩን ገለጠ። እሷ ወደሱ ሳትዞር «ከቅዳሜ በፊት ቢያደርሱልኝ ይሻላል» አለች። ከጣውላው ማዶ አንድ ሕፃን አለቀሰ። ጆሮዋን አቀናች፣ ፈገግ አለች፣ ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ «ስም ዝርዝሩን አደራ» ብላ ወጣች።

ከመደርደሪያዬ ኋላ ቁጭ ብዬ አሰብሁ። ዘጠኝ ስም በገዛ እጄ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ በአዳራሽ ላቀርብ ነው። ይኼ ምስጋና ሳይሆን ወጥመድ ነው። «በዝባዥ» ሊሉኝ ቆጥሮ የሚሰጣቸው ሰው ፈልገዋል፣ ያ ሰው ደግሞ እኔው እንድሆን ነው። ከብትን መጀመሪያ ጨው ያስልሱታል፣ ገመዱ ኋላ ነው የሚመጣው።

ለሚስቴ ለራሕመት ነገርኋት።

«ምናልባት የእውነት ሊያመሰግኑህ ቢሆንስ?» አለችኝ።

«እኔን? በምኔ?»

ትንሽ አሰበችና «እሱስ ልክ ነህ» አለች።

ማን ነው ያወራብኝ? በጎረቤቴ ነጋዴ ደጅ ሆን ብዬ አለፍሁ፤ ቢስቅ እይዘዋለሁ ብዬ። አልሳቀም። አለመሳቁ ይበልጥ አጠራጠረኝ። ከሴቶቹ ትርንጎን ጠረጠርሁ፤ አፏ ክዳን የለውም። አክስቴን እንኳ ጠረጠርሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብለው ነው ያሳደጉኝ፤ ሸቀጥ ላይ ይህ ተረት አንድም ቀን አላከሰረኝም።

ዓርብ ጠዋት ሴቶቹን ሰበሰብሁ።

«ከዛሬ ጀምሮ መጋዘኑ ይዘጋል፤ እስኪረጋጋ ሰሞኑን ቤታችሁ ዋሉ። ማንም መጥቶ የይማም ሠራተኛ ናችሁ ወይ ቢላችሁ፣ አይደለንም በሉ። ለጅጌ መጥተን ነው በሉ።»

ጅጌ መቼም ታውቃላችሁ፤ ጎረቤት ተጠራርቶ ያለ ክፍያ የሚያግዝበት፣ ባለቤቱ የሚያበላበት ሥራ ነው። በራያ ጅጌ ወጣህ ብሎ የሚከሰስ የለም።

ትርንጎ ሰፌዷን አስቀመጠች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ጅጌ? ታዲያ ድግሱ የታለ ጋሽ ይማም? እኔ እስከ ዛሬ አልቀመስሁም!»

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «ማሉልኝ» አልሁ።

እስላሞቹን በቁርአን፣ ክርስቲያኖቹን በሚካኤል አስማልሁ። አንድ ባንድ። ሐዋ ዘንድ ስደርስ ልጇን ከጡቷ አላቅቃ አቀፈችው።

«ጋሽ ይማም፣ መሐላ ከባድ ነው። እኔ ከማልሁ አልመለስም።»

«እሱኑ ነው የፈለግሁት።»

«የሚፈታኝስ ማን ነው?»

«እኔ ያስማልሁሽ እፈታሻለሁ።»

«እሺ፣ ወላሂ አልናገርም» አለች። የሁሉም መሐላ ተደምሮ የሷን አያህልም ነበር፤ እኔም ለራሴ «ከዚችኛዋስ ተገላገልሁ» አልሁ።

ቅዳሜ ጠዋት መዝጋቢዎች ከቤት ቤት መዞር ጀመሩ። ከሱቄ በር ሆኜ አየኋቸው። እኔም ዘንድ ደረሱ።

«ሠራተኛ አለዎት?»

«አንድ ረዳት አለኝ።»

«የት አለ?»

«እኔው ነኝ።»

ጻፉና አለፉ። ያን ቀን ምሳዬን በደንብ በላሁ። አስካለ ስም ዝርዝሯን ስትጠብቅ ትዋል፤ ወጥመዱ ባዶውን ተዘጋ አልሁ። ሰው በራሱ ብልጠት ሲጠግብ እንዴት እንደሚጥመው ነጋዴ ያውቀዋል።

እሑድ ጠዋት፣ ለአዳራሹ ልብሴን ስለብስ፣ ከግቢዬ በር «ይማም!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ጋሽ የለ፣ አንቱ የለ። ትርንጎ ናት። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል።

«ምን ሆነሻል?»

«ትናንት የመዘገቡን ለሠፈራ ነው! መሬትም ሥራም የሌለው ሁሉ ተጽፏል። ሥራ አለሽ ወይ አሉኝ። ምዬልህ የለም፣ የለኝም አልሁ! ነገ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ከነልጆቻችሁ ቅረቡ ተብለናል።»

«ሁላችሁም?»

«ዘጠኛችንም። ጅጌህ ይኸውልህ፣ ድግሱ መኪና ላይ ነው!»

ለማያውቀው ልንገር። በዚያ ሰሞን ከወሎ ሰው እየተጫነ በማያውቀው ቆላ፣ አሥር ቀን በሚያስኬድ አገር ይሠፍር ነበር። በፈቃዱ የሄደ አለ፤ ስሙ ስለተጻፈ ብቻ የሄደም አለ። አንዳንዱ ሕፃን መንገዱን እንደማይችለው ሁላችንም እናውቅ ነበር። ያኔ ነው የአስካለ ሦስት አደራ አንጎሌ ውስጥ የገባው።

አዳራሹ ውስጥ ባንዲራ ስታሰቅል አገኘኋት። ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ።

«ዘግይተዋል» አለችኝ በዝግታ። «ሦስት ጊዜ ጠየቅሁዎት። ስማቸው በሠራተኛነት ቀድሞ ቢደርሰኝ ትናንት ማንም አይነካቸውም ነበር።»

«ታዲያ ለምን በግልጥ አልነገሩኝም?»

«ከኋላዬ የቆመውን ሰው አላዩትም?»

እውነትም አይቼዋለሁ። ያየሁትን ግን ለራሴ አንድ ትርጉም ሰጥቼ ሌላውን ሁሉ ዘግቼበት ነበር። ምስጋናውን የፈጠረችው እሷ ናት፤ በሰበቡ ስማቸውን መዝገብ ላይ ለማዋል።

«አሁንስ ምን ይደረጋል?»

«መድረክ ላይ ሲጠሩ በሕዝብ ፊት ስማቸውን ይጥሩ። ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፋል። ቃለ ጉባኤ ከተጻፈ ነገ ይዤው ሜዳ እሄዳለሁ።» ቆም ብላ አየችኝ። «መጋዘኑ ግን ይወሰዳል። አልዋሽዎትም።»

ጀግና ሆኜ ወዲያው እሺ አልሁ ብል ውሸት ነው። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ንግግሩ ሁሉ እስኪያልቅ አሰብሁ። አርባ ኩንታል ተለቅሞ ተደርድሯል፤ መኪናው ማክሰኞ ይመጣል። ከዘጠኙ ሦስቱን ብጠራስ? ሦስት ሠራተኛ በቅጣት ብቻ ያልፋል። የትኞቹን? ትርንጎን ብጠራ አፏን ዘጋሁ። ሐዋን ብጠራ እጇን አተረፍሁ። እያልሁ ሳወጣና ሳወርድ ስሜ ተጠራ። እግሬ መድረኩ ላይ ሲደርስ ምን እንደምል አላውቅም ነበር።

የከተማው ሊቀመንበር ወረቀቱን ሰጠኝ። ጭብጨባ ሆነ። «ጥቂት ቃል ይበሉ» አለኝ።

«ምስጋናው የኔ ብቻ አይደለም» አልሁ። «ሠራተኞቼ ዘጠኝ ናቸው» ብዬ ከትርንጎ ጀምሬ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠራሁ። ሐዋን መጨረሻ ላይ ጠራሁ። አስካለ ራሷ ጸሐፊው ጎን ቆማ ታስጽፋለች። ሕዝቡ ያጨበጭብ ወይም ዝም ይበል አላወቀም፤ ከኋላ አንድ ሁለት እጅ ተሰማና ቆመ።

ሊቀመንበሩ ወደኔ ጠጋ አለ። «ፈቃድዎ ስንት ሠራተኛ ይላል?»

«አንድ።»

«ነገ ጠዋት ቢሮ ይምጡ።»

ራሕመት ያን ዕለት ነገሩን ሰማች። ከዚያም «ጥቂቶቹን ብቻ ልጥራ ብለህ አላሰብህም?» አለችኝ። የሃያ ዓመት ሚስት ሌላ ምን ትላለች።

ስማቸው ከተጻፈ ሌላ የሚቀር ነገር አልመሰለኝም፤ መሐላውን ረስቼዋለሁ። ሰኞ በማለዳ ወደ ሜዳው ልሮጥ ስወጣ ደብተር የያዘው ሰው በር ላይ ጠበቀኝ። ቢሮ ወሰደኝ። የመጋዘኑን ርክክብ ፈርም፣ እዚህም ፈርም፣ ማኅተሙ ያለበት መሳቢያ ቁልፉ ጠፍቷል፣ ጠብቅ። ጠበቅሁ። ከመስኮቱ ውጭ የመኪና ሞተር ይሰማል። የመጨረሻውን ፊርማ አድርጌ፣ ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ሮጥሁ። ይህ ወፍራም ሰውነቴ ከልጅነቴ ወዲህ እንደዚያ ሮጦ አያውቅም።

ሜዳው ላይ አቧራ ቀርቷል። ከግንቡ ሥር ሴቶቹ ከነልጆቻቸው ተቀምጠዋል። ቆጠርሁ። ስምንት።

«ሐዋስ?»

ትርንጎ ቀና አላለችም። «ጓድ አስካለ ቃለ ጉባኤውን ይዛ መጣች። የሚጭነው ኃላፊ በወረቀት ብቻ አልለቅም፣ እያንዳንዷ በአፏ ትናገር አለ። የይማም ሠራተኛ ነሽ ሲሉን ስምንታችን አዎ አልን። እኔማ ሚካኤል ይቅር ይበለኝ ብዬ ጮክ አልሁ። እሷ አይደለሁም አለች።»

«እንዴት?»

«ጋሽ ይማም አስምሎኛል፣ እሱ መጥቶ ይፍታኝ አለች። አስካለ ለመነቻት። እኔ ፀጉሯን ልነጭ ደረስሁ። እሱ ራሱ ይምጣ እንጂ ብላ በሩን በሩን ታያለች። መኪናው አልጠበቀም።»

ጨው የጫነ መኪና ወደ ደቡብ ሲያልፍ ሹፌሩን አውቀው ነበርና ዘልዬ ወጣሁ። ሮቢት ስንደርስ የሠፈራው መኪኖች ውኃ ለመቅዳት ቆመዋል። ሦስተኛው ላይ አገኘኋት። ከዳር ናት፤ ልጇን በነጠላዋ ከፀሐይ ከልላዋለች። ስታየኝ ፊቷ በራ። እስከ ዛሬ የሚጠዘጥዘኝ እሱ ብርሃን ነው።

«ጋሽ ይማም! መጡ? አላወራሁም፤ ወላሂ አንዲት ቃል አልወጣኝም!»

«ሐዋ፣ ፈትቼሻለሁ! ተናገሪ! ሠራተኛው ነኝ በይ!»

አብሯቸው ወደሚሄደው ኃላፊ ዞራ «የሱ ሠራተኛ ነኝ» አለች። እኔም አልሁ፣ ሹፌሩም መሰከረ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ወረቀቱን አሳየኝ።

«አባባ፣ ዝርዝሩ ቆቦ ላይ ታሽጓል። በቁጥር ተረክቤአለሁ፣ በቁጥር አስረክባለሁ። አንድ ቢጎድል እኔ ነኝ የምሞላው። ከቆቦ መሰረዣ ያምጡ።»

«እስክመለስ ይጠብቃሉ?»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ውኃው ተቀዳ። ሐዋ ከላይ ሆና «አክስት ፋጡማን ሰላም በሉልኝ» አለች፣ ነገ የምትመለስ ይመስል። ሞተሩ ተነሣ። ኪሴ ያለውን ብር ሁሉ ወረወርሁላት፤ ነፋሱ ግማሹን መንገድ ላይ በተነው። ልልቀመው አላጎነበስሁም። ነጋዴ ለሆነ ሰው ይኼ ትንሽ ነገር አይደለም።

መሰረዣውን በማግሥቱ አስካለ አወጣችልኝ። ደሴ ድረስ ይዤው ሄድሁ። መኪኖቹ አልፈዋል። ከዚያ ወዲያ ሁለት ደብዳቤ ጻፍሁ፣ ከዚያ አገር የተመለሰ ሰው በተገኘ ቁጥርም ጠየቅሁ። አየኋት ያለኝ የለም።

ሼኹን ስለ መሐላው ጠየቅኋቸው። «መሐላ ለማፍረስ አሥር ድሃ ማብላት ይበቃ ነበር» አሉኝ። ይበቃ ነበር። አሥር ማዕድ ሽምብራ ወጥ። አበላሁ፣ ግን ለማን እንዳበላሁ አላውቅም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ሰው የምታሠሩ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ሸቀጥ ጠርጥሩ፣ ሚዛን ጠርጥሩ፣ መንግሥትም ቢሆን ጠርጥሩ፤ አልከለክልም። ግን ጥርጣሬያችሁን በሌላ ሰው አፍ ላይ አትቆልፉ። ያልጠረጠረ ይመነጠራል፤ የጠረጠረ ደግሞ ሌላውን እንደሚመነጥር ያሳደጉኝ ሰዎች አልነገሩኝም። ከዚያ ወዲህ ማንንም አላስማልሁም። ያሠራሁትን ሰው ስም የመጀመሪያው ቀን ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍሁ፤ ቀረጥ ሰብሳቢም ያንብበው። ለሚወልዱትም አርባው ቀን እንደ ጥንቱ ይከፈላል፤ ያኔ ለሽምብራው ብዬ ነበር፣ አሁን ለምን እንደሆነ ለማንም አላስረዳም።

ትርንጎ ሥራዋን ሳትለቅ ሸመገለች። ከዚያ እሑድ ወዲህ ግን «ጋሽ» ብላኝ አታውቅም። እኔም አልጠየቅኋት።

ዘጠኝ ሴቶች አሠራ ነበር። ስምንቱ ቆቦ ቀሩ። አንዷ ከነልጇ ሄደች።